አንቀልባውን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ

በጁላይ 2019 እናቴ ከጎንደር ለጥየቃ መጥታ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በሰነበተችበት ጊዜ፣ እሷንና የሁለት ዓመት ልጄን ይዤ ባልቲሞር ወደሚገኘው ናሽናል አኳሪየም ወደተባለው የባሕር እንስሳት ማሳያ ሄጄ ነበር። ቲኬቱን ከነመግቢያ ሰዓቱ በኢንተርኔት ገዛሁ፤ መኪናዬንም ከወደቡ አቅራቢያ አቆምኩ።

በሩ ላይ ስንደርስ የሕፃን ጋሪ እንደማይገባና በአደራ እንደሚቀመጥ ተነገረኝ። ደንቡ ቲኬቱን በገዛሁበት ገጽ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ይሁን እንጂ መኪና ያቆምኩበት ቦታ ሠራተኛ ስጠይቀው ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ይዘሽ ግቢ» ባይለኝ ኖሮ፣ ጋሪው ላይ ያንጠለጠልኩትን ዳይፐር፣ ወተትና ምሳ ቢያንስ በአንድ ቦርሳ ሰብስቤ በመጣሁ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ሰልፉ ከኋላዬ እየረዘመ ዕቃዬን መሬት ላይ ዘርግፌ ስለቅም፣ ልጄ ደግሞ በውሰት የተሰጠንን ማዘያ ገና እግሩ ሲነካው አገር ይያዝልኝ አለ። እናቴ ይህን ሁሉ ዝም ብላ ስታይ ቆይታ፣ «አንቺ ልጅ፣ አንቀልባውን ለግድግዳ ጌጥ ነው እንዴ ያመጣሁልሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ዛጎል የተሰካበትን ያን ውብ አንቀልባ ሳሎን ውስጥ ሰቅየው ነበር። መልስ ሳልሰጣት ልጁን ከእጄ ወስዳ በነጠላዋ ጀርባዋ ላይ አሰረችው፤ እሱም ወዲያው ዝም አለ። ጉልበቷን እንደሚያማት እያወቅሁ፣ እኔ ወተት ተሸክሜ ከኋላዋ ተከተልኩ።

መግቢያው አጠገብ ባለው ትልቅ ገንዳ ካሊፕሶ የምትባለውን ኤሊ አየን። በ2000 ኒውዮርክ ባሕር ዳርቻ ቅዝቃዜ አደንዝዟት የተገኘችና በኋላ የፊት ግራ መቅዘፊያዋ የተቆረጠ መሆኑን ስነግራት፣ እናቴ መስታወቱን በመዳፏ እየዳሰሰች ብዙ ቆመች። እኔ እንድንቀጥል ቸኮልኩ፤ ካሊፕሶ በ2020 ስትሞት ያንን ችኮላዬን አስታውሼ አዘንኩ።

ከላይ ያለው፣ በመስታወት የተሸፈነው የዝናብ ደን ይሞቃል፣ ይወብቃል፤ ስስ ልብስ ልበሱ፤ አረጋዊ ካላችሁም ሊፍቱን ጠይቁ እንጂ በኤስካሌተሩ አታስጨንቋቸው። ያኔ ማዘያ እዚያው በውሰት ይሰጥ የነበረ ቢሆንም፣ ልጁ የለመደውን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ ባይ ነኝ፤ መውረጃው የኮራሉ ገንዳ መካከል እየተጠማዘዘ የሚሄድ ረጅም መንገድ ስለሆነ፣ ያለቀሰ ልጅ ታቅፎ አይዘለቅም። የእኔው ግን አያቱ ጀርባ ላይ እንቅልፍ ወስዶት፣ ሊያይ የመጣውን ሻርክ አንዱንም ሳያይ ወጣ።