ፔንቲየም 4 ላይ ሃይፐርትሬዲንግ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ወዳጆች፣ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ፣ የተለያዩ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች እየጫንኩበት ሃይፐርትሬዲንግን እንዴት እንደሚይዙት እያየሁ ነው። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ፔንቲየም 4 ነው፣ 3.0 ጊጋኸርዝ፣ ሃይፐርትሬዲንግ ያለው። ዴስክቶፕ ላይ ይሄ ነገር የገባው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2002 በ3.06ቱ ነበር፣ የኔ የመጣው በቀጣዩ አመት ነው።

ለማያውቀው፣ አንድ ምጣድ ላይ ሁለት ጋጋሪ በሉት። አንዷ ሊጥ ልትቀዳ ዞር ስትል ሌላዋ ትጋግራለች። ፕሮሰሰሩም አንዱ ስራ ዳታ ከራም እስኪመጣለት ቆሞ ሲጠብቅ ሌላውን ያሰራል፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ግን ሁለት ሲፒዩ ያለ ነው የሚመስለው። ኢንቴል ራሱ ቢበዛ 30% ይጨምራል ነው ያለው፣ እጥፍ ይሆናል አላለም።

ዊንዶውስ 98 ላይ ብዙ አልቆየሁም፣ ከአንድ በላይ ሲፒዩ ጭራሽ አያውቅም። ቀኑን የበላኝ ኤክስፒ ነው። ስጭነው ባዮስ ላይ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም) ሃይፐርትሬዲንጉ፣ ባጭሩ ኤችቲው፣ ጠፍቶ ነበር፣ በኋላ አበራሁትና ለእያንዳንዱ ሲፒዩ አንድ ግራፍ የሚያሳየውን ታስክ ማኔጀር ስከፍት ያው አንድ ግራፍ ብቻ፣ ባዮሱን ደጋግሜ አየሁት በርቷል፣ ሪስታርት አደረግኩ ያው ነው። በመጨረሻ ዲቫይስ ማኔጀር ገብቼ «ኮምፒውተር» የሚለውን ስዘረጋው «ኤሲፒአይ ዩኒፕሮሰሰር ፒሲ» ይላል፣ ባለ አንድ ሲፒዩ ማለት ነው! ለካ ኤክስፒ ሀሉንና (ከሃርድዌሩ ጋር የሚያገናኘውን ክፍል) ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) የሚመርጠው ሲጫን ነው፣ ያኔ አንድ ሲፒዩ ካየ የአንድ ሲፒዩውን ይዞ ይቀራል። ድራይቨር አፕዴት ብዬ ከዝርዝሩ «ኤሲፒአይ መልቲፕሮሰሰር ፒሲ»ን መረጥኩ፣ ሲነሳ እቃውን ሁሉ እንደ አዲስ ለቀመ፣ አንዴ ደግሜ ሪስታርት ሳደርገው ሁለት ግራፍ ጎን ለጎን መጣ። በጣም ነው ደስ ያለኝ። ግን እባካችሁ እዛ ዝርዝር ላይ «ስታንዳርድ ፒሲ» የሚለውን እንዳትነኩ፣ ከዛ በኋላ ላይነሳላችሁ ይችላል፣ መጀመሪያ ፋይላችሁን ኮፒ አድርጉ።

ዊንዶውስ 2000ም ሁለት ግራፍ ያሳያል፣ ልዩነቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። እሱ የወጣው በ2000 መጀመሪያ፣ ፔንቲየም 4 ራሱ ከመውጣቱ በፊት ስለሆነ ሁለቱ የአንድ ቺፕ ልጆች መሆናቸውን አያውቅም፣ እንደ ሁለት ሙሉ ሲፒዩ ነው የሚቆጥራቸው። ፕሮፌሽናሉ የሚፈቅደው ሁለት ሲፒዩ ስለሆነ ባለ ሁለት ሶኬት ዚዮን (ሁለት ቺፕ የሚሰካበት የኢንቴል ሰርቨር ፕሮሰሰር) ላይ ከሚታዩት አራቱ ሁለቱን ብቻ ነው የሚጠቀመው፣ ባዮሱ ከየቺፑ አንድ አንዱን አስቀድሞ የሚዘረዝረውም ሁለቱ ከአንድ ቺፕ እንዳይሆኑ ነው። ኤክስፒ ግን ሶኬቱን ነው የሚቆጥረው፣ ሆም ኤዲሽን እንኳን በአንድ ሲፒዩ ላይሰንስ ሁለቱንም ያሰራል። ደግሞ ስራ የሌለውን ቶሎ ሃልት ያደርገዋል (ያሳርፈዋል)፣ ሌላው የያዘው ቁልፍ (ሎክ) እስኪለቀቅለት በሉፕ የሚዞረውንም በፖዝ ትእዛዝ ያበርደዋል፣ ያለዛ ዝም ብሎ የሚዞረው የወንድሙን ጉልበት ይሻማል።

አንድ ፋይል ስጨምቅ ታስክ ማኔጀር 50% ላይ ተገትሮ ይቀራል፣ እኔ ደግሞ ግማሹ ጉልበት ገና አልተነካም ብዬ ነበር። ሁለተኛ ጭመቃ አብሬ ከፈትኩ፣ 100% ገባ፣ ግን የመጀመሪያው ወዲያው ተጎተተ። 50% ማለት ከሁለቱ አንዱ ተይዟል ማለት እንጂ የቺፑ ግማሽ ተርፏል ማለት አይደለም፣ ምጣዱ እኮ ያው አንድ ነው።

ይሄን በግልፅ ያየሁት ሊኑክስ ላይ ነው። ፕሮክ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ስለ ፕሮሰሰሩ የሚናገረውን ሲፒዩኢንፎ የሚል ፋይል ሳነበው ፕሮሰሰር 0 እና 1 ይዘረዝርና ሁለቱም ስር «ሲብሊንግስ 2፣ ሲፒዩ ኮርስ 1» ይላል፣ ሁለት ሲፒዩ ይመስላል፣ እውነተኛው ኮር ግን አንድ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ ፍሪቢኤስዲ የሚባለውን ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ልጭን ነው። በ2005 አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ሚስጥር በጋራ ካሹ (ቺፑ ውስጥ ባለው ትንሽ ፈጣን ማስታወሻ) በኩል ሊሰልል እንደሚችል ሲታወቅ ኤችቲን ዲፎልት ላይ ያጠፉት የፍሪቢኤስዲ ሰዎች ናቸው፣ አብርቼም አጥፍቼም አየዋለሁ። ባለ ሁለት ሶኬት ዚዮን ያላችሁ ካላችሁ 2000 ላይ የትኞቹን ሁለት እንደሚይዝ አይታችሁ ንገሩኝ።