መዋጮ ላልከፈለው ልጅ ዩኒየኑ ሲቆምለት

እ.ኤ.አ በ2016 ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ውስጥ ዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) ያለው ሆቴል ነበር የምሠራው፣ ሀበሻ ሞልቶበታል። ኦክቶበር ላይ አንድ የኛ ልጅ፣ አንሶላና ፎጣ በየፎቁ የሚያመላልስ፣ ከእንግዳ ክፍል ሰዓት ጠፋ ተብሎ ኤችአር (የሠራተኞች አስተዳደር) ጠራው። ልጁ የዩኒየን አባልነት ካርድ አልፈረመም፣ ስንነግረው "ከቼኬ ከሚቆረጥ ለእናቴ ብልክ ይሻለኛል" ነው መልሱ፣ ሕጉም ይፈቅድለታል፣ ቨርጂኒያ ከ1947 ጀምሮ ራይት ቱ ወርክ ስቴት ስለሆነች ማንንም ክፈል ብሎ ማስገደድ አይቻልም።

ሾፕ ስቱዋርዳችን፣ ሥራ ቦታው ላይ የዩኒየኑ ተወካይ ማለት ነው፣ ከሀውስኪፒንግ (ከክፍል ጽዳት) ናቸው፣ እትዬ ነው የምንላቸው። ልጁ ሲጠራ ጋሪያቸውን ኮሪደር ላይ ትተው አብረውት ገቡ፣ ዩኒየን ያለበት ቤት ውስጥ ሊያስቀጣህ የሚችል ጥያቄ ከመጣ ተወካዬ ይግባልኝ ማለት ትችላለህ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1975 ያጸናው መብት ነው። እትዬ መጀመሪያ የጠየቁት የበሩን ሪከርድ ነው፣ የሆቴል በር በየትኛው ካርድ ስንት ሰዓት እንደተከፈተ ይመዘግባላ። ማናጀሩ እናያለን ብሎ ልጁን ያለ ደሞዝ አገደው፣ እሳቸው ግሪቫንስ (መደበኛ አቤቱታ) አስገቡ፣ ሪከርዱ ሲወጣ የልጁ ካርድ በዛን ቀን ያንን በር ጭራሽ አልነካውም። ወደ ሥራው ተመለሰ፣ የታገደበትም ተከፈለው።

ብሬክ ሩም ግን ጭቅጭቅ ሆነ፣ እኛ እየከፈልን ለሱ ለምን የሚል በዛ፣ እኔንም አንገብግቦኛል። እትዬ ግን ዩኒየኑ ከሆቴሉ ጋር የተዋዋለው ኮንትራት ለሚሸፍነው ሁሉ፣ ከፈለም አልከፈለም፣ ዩኒየኑ እኩል መቆም በፌደራል ሕግ ግዴታው ነው አሉን።

ያኔ ደግሞ ይሄው የራይት ቱ ወርክ ሕግ የስቴቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ይግባ ወይ የሚል ጥያቄ ኖቬምበር ባሎት (የድምፅ መስጫ ወረቀት) ላይ ነበር። ኖ ካልን ሁሉም መክፈል ይጀምራል ያለው ብዙ ነው። እትዬ የባሎቱን ናሙና ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው አስረዱን፣ ኖ ብንልም የ1947ቱ ሕግ አይነካም፣ የስ ካልን ግን ወደፊት ምክር ቤቱ ልሻረው ቢል እንኳ ብቻውን አይችልም። ወደ 54 ከመቶ ኖ አለ፣ ሕጉም እንዳለ ቀጠለ። ድልድዩን ተሻግረህ ዲሲ ብትሠራ፣ ኮንትራቱ ካስቀመጠው፣ ዩኒየኑ ለመደራደር ከሚያወጣው ወጪ ድርሻህን ትከፍላለህ፣ እዛም ቢሆን ሙሉ አባል ሁን ብሎ የሚያስገድድህ የለም።

ልጁ እትዬን ጉልበት ስሞ አመሰገነ፣ ካርዱን ግን አልፈረመም። እሳቸው አንድም ቀን አላነሱበትም። እኔ ግን ለብቻው ጠርቼ ነገርኩት፣ ወንድሜ፣ መብትህ ነው፣ ግን ኮንትራት ሊታደስ ሲል ማኔጅመንቱ መጀመሪያ የሚያየው ስንቶቻችን እንደምንከፍል ነው፣ ጥቂት ከሆንን የደሞዝ ጭማሪው ያንተም ነው የሚያንሰው።