ከዝርዝሩ የጎደለው 4,680 ማይል

ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ የሐበሻ ደንበኛ የሚበዛበት የኢንሹራንስ ቢሮ ነው። አንድ የቆዩ ደንበኛ የእድሳት ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። አደጋ የለባቸውም፣ ቲኬትም የለባቸውም፤ ክፍያው ግን ጨምሯል። ምክንያቱ ሁለተኛው ገጽ ላይ ተገኘ። ኩባንያው የኦዶሜትር (መኪናው በጠቅላላ የሄደውን ማይል የሚያሳየው ቆጣሪ) ንባብ እንዲልኩ ጠይቆ መልስ ሲያጣ፣ 7,000 የነበረውን ዓመታዊ ማይል በራሱ ግምት 12,000 አድርጎታል።

ካሊፎርኒያ ላይ ይህ ቁጥር ቀላል አይደለም። በ1988 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 103 ዋጋ የሚወጣበትን ቅደም ተከተል ሲደነግግ የአነዳድ ታሪክን አስቀደመ፣ ዓመታዊ ማይልን ሁለተኛ፣ የመንዳት ልምድን ሦስተኛ አደረገ።

«በይ 7,000 ብለሽ መልሺልኝ» አሉ ደንበኛው።

«ጋሼ፣ ከየት እንደመጣ ካላሳየን አይቀበሉንም። እስቲ አብረን እናስላው» አለች ወኪሏ።

በመጀመሪያ ከአፋቸው ጻፈች። ሥራ ደርሶ መልስ 22 ማይል፣ በሳምንት 5 ቀን። ብዙ ሰው እዚህ ላይ በ52 ያበዛና ራሱን ይጎዳል፤ ዕረፍትና በዓል ሲቀነስ 48 ሳምንት ለእሳቸው ልክ ነው፣ 5,280 ማይል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን 16 በ50፣ 800። አስቤዛና ጉዳይ በሳምንት 25፣ በዓመት 1,300። ላስ ቬጋስ ዘመድ ጥየቃ ደርሶ መልስ 540፣ ሁለት ጊዜ፣ 1,080። ድምሩ 8,460።

ቀጥሎ ከመኪናው። ደንበኛው በስልክ ያነሱት ፎቶ 312 ይላል፤ ይህ ትሪፕ ኤ፣ ማለትም ወደ ዜሮ የሚመለሰው የጉዞ ቆጣሪ ነው፣ ኦዶሜትር አይደለም። እንደ እሳቸው ፕሪየስ ባለ መኪና ላይ አዝራሩን እየተጫኑ ኦዲኦ (ODO፣ ኦዶሜትር) የሚለው እስኪመጣ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ወርደው ሲያዩት 69,880። የቀድሞውን ንባብ ከመስታወቱ ስቲከር ሊያነቡ ሲሉም ወኪሏ ከለከለቻቸው፤ ስቲከሩ ላይ የሚጻፈው ቀጣዩ ዘይት የሚቀየርበት ማይል ነው። ትክክለኛው ንባብ ያለው ደረሰኙ ላይ ነው፤ ደረሰኝ የጠፋበት ሰው የስሞግ ቴስት (የመኪና ጭስ ምርመራ) ወረቀቱን ይፈልግ። የእሳቸው የዘይት ደረሰኝ ማርች 10፣ 61,240 ይላል። እስከ ኖቬምበር 5 ድረስ 240 ቀን፣ 8,640 ማይል። በቀን 36፣ በ365 ሲባዛ 13,140።

ሁለቱ ስሌቶች በጥቂት መቶ ማይል ቢለያዩ ችግር የለውም። 4,680 ግን በሳምንት 90 ማይል ማለት ነው። ይህን ያህል ርቀት ዝም ብሎ አይረሳም፤ የሚነዳው ሌላ ሰው አለ ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ከእርስዎ ሌላ ማን ይነዳታል?»

«ልጄ ነው። አርብና ቅዳሜ ማታ በአፕ ምግብ ያደርሳል። ለኪሱ ብሎ ነው እንጂ ሥራም አይባል።»

ለኢንሹራንስ ግን ሥራ ነው። አብዛኛው የግል ፖሊሲ በክፍያ ሰው ወይም ዕቃ ማመላለስን አይሸፍንም፤ ልጁ ደግሞ ጭራሽ በሹፌርነት አልተመዘገበም። ምግብ ጭኖ ሲሄድ ቢጋጭ አድጀስተሩ (አደጋውን የሚመረምረው የኢንሹራንስ ሠራተኛ) የት ይሄድ እንደነበር ይጠይቃል፣ የአፑንም መዝገብ ሊጠይቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ ክሌሙ (የካሳ ጥያቄው) ውድቅ ቢደረግ የመኪናው ጥገና ብቻ ሳይሆን የተጎዳው ሰው ሕክምናም ቤተሰቡ ላይ ይወድቃል። የዴሊቨሪ አፑ የራሱ ሽፋን ቢኖረውም ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል፤ ሁሉም የነጂውን መኪና ይጠግናል ማለት አይደለም።

ወኪሏ ማይሉን 13,100 ብላ ሞላች። ኩባንያው የገመተው 12,000 እንኳ ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ልጁን በሹፌርነት ጨመረች። ኩባንያው ያለው ተጨማሪ ሽፋን ሰው ለሚያመላልሱ ብቻ ስለሆነ፣ ምግብ ማድረስን በጽሑፍ ወደሚሸፍን ሌላ ኩባንያ አዛወረቻቸው። ክፍያው ደንበኛውን ቢሮ ካመጣቸውም በለጠ። ልጁም የዴሊቨሪ ገቢው ልዩነቱን ይችል እንደሆነ ከአባቱ ጋር ወረቀት ላይ አሰላ፤ ጥቂት ይተርፋል። አዲሱ ፖሊሲ እስኪጸና ሁለት ሳምንት አፑን ዘግቶ ቆየ።