ራዳሩ ያላየው ጥግ

አንድ የቆየ የመቃብር ቦታ ላይ ነው። በጥጉ በኩል መንገድ ሊወጣ ታስቧል። ሐውልት የለበትም፣ ስምም የለበትም። ቁፋሮው ሳይጀመር ሰው የተቀበረበት መሆን አለመሆኑን እንድናጣራ ተጠራን።

ወደ መሬት ሞገድ እየላከ ከሥር ያለውን የሚያሳየውን ራዳር የምገፋው እኔ ነበርኩ። ባለ 400 ሜጋኸርዝ አንቴና ነው፤ እንደ ሕፃን ጋሪ እየገፉት ይሄዳሉ። መቃብሮቹ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተጋደሙ ስለሆኑ እኔ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ተመላለስኩ። ብዙ ሰው ራዳር አጥንት ያሳያል ብሎ ያስባል። የሚያሳየው ግን የአፈሩን ለውጥ ነው፦ ተቆፍሮ የተሞላ ጉድጓድ፣ ሳጥን ውስጥ የቀረ ክፍተት። ስክሪኑ ላይ እንደ ቅስት ጎበጥ ብሎ ይመጣል። የዛፍ ሥርም፣ ድንጋይም እንደዚያው ይጎብጣል፤ ለመለየት ዓይን መልመድ አለበት።

ሐውልት ባለበት በኩል ቅስቶቹ ጥርት ብለው ታዩኝ። ጥጉ ጋ ስደርስ ምንም የለም። ረቂቅ ሪፖርቱ ላይ «በዚህ ክፍል መቃብር የለም» ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ የግቢው ጠባቂ አዛውንት ጠሩኝ። «ልጄ፣ እዚያ ጋ ሣሩ ቦታ ቦታ እየለየ የሚለመልመው ለምን ይመስልሻል?»

ደነገጥኩ። የተቆፈረ አፈር ልል ስለሚሆን ውኃ ይይዛል፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ቀና ብዬ ሣሩን አላየሁም ነበር። ዳታውን እንደገና ከፈትኩት። ጥጉ ሸክላማ አፈር ነው፣ ዝናቡም ገና አልደረቀም። እርጥብ ሸክላ የራዳሩን ሞገድ ይውጠዋል። ሞገዱ 40 ሳንቲ ሜትር ሳይደርስ ሞቷል። ስክሪኑ ባዶ የሆነው ራዳሩ ስላላየ ነው፤ እኔ ደግሞ መቃብር ስለሌለ ነው ብዬ ጻፍኩት።

ለአለቃዬ ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። ቀጭን የብረት ዘንግ አመጣችና መሬቱን ቀስ እያለች ወጋ ወጋ አደረገች። አንዳንዱ ቦታ ዘንጉ ድርቅ ይላል፣ አንዳንዱ ቦታ ሰተት ብሎ ይገባል። ከዚያ ጥርስ በሌለው የኤክስካቫተር አካፋ የላይኛውን አፈር ስስ ስስ አድርገን አነሣን። የቀረውን በእጅ ፋቅን፣ ውኃ ረጨንበት። በቢጫው አፈር መሐል ጥቁርና ቢጫ የተቀላቀለበት ባለ አራት ማዕዘን ቅርጽ ወጣ።

ለካሁት። ርዝመቱ 80 ሳንቲ ሜትር ነው።

ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም። በ2 ሜትር መቃብር ላይ 4 ጊዜ ያህል አልፋለሁ። እዚህ ትንሽ መቃብር ላይ ግን ያለፍኩት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነው። አፈሩ ደረቅ ቢሆን እንኳ በ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት መመላለስ ነበረብኝ። እስከ ማታ 7 ተመሳሳይ ቅርጽ አገኘን። ሁሉም ትንንሽ ናቸው።

ከዚያ በታች አልቆፈርንም። እያንዳንዱን ለክተን ካርታው ላይ አሰፈርን፤ መልሰን አለበስናቸው። መንገዱ በሌላ በኩል እንዲዞር ተወሰነ። ሪፖርቱ ላይ ያችን ዓረፍተ ነገር ሰረዝኩና ራዳሩ እስከ ስንት ሳንቲ ሜትር እንዳየ፣ አፈሩ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ዝናቡ መቼ እንደጣለ ጻፍኩ። በሥሩ የ7ቱን ልክ አንድ በአንድ አስገባሁ። የስሙን ቦታ ክፍት ተውኩት።