ቲየን ሙ፣ አመሻሽ ላይ

ዛሬ ቬትናም፣ ሁዌ ከተማ፣ ከሁዎንግ ወንዝ ዳር ወዳለው ቲየን ሙ ፓጎዳ የደረስኩት ጎብኚው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 የተሠራው ባለሰባት ደርብ ግንብ ጀንበር ስትጠልቅ ያምራል፤ ይህን ግን ፖስት ካርዱም ይነግራችኋል። እኔን ያስቆመኝ ከጓሮ ያለችው አሮጌ ሰማያዊ ኦስቲን መኪና ናት። መነኩሴው ቲክ ኳንግ ዱክ በ1963 በቡድሂስቶች ላይ የሚደርሰውን ጭቆና ተቃውመው ሳይጎን መንገድ ላይ ራሳቸውን ያቃጠሉ ዕለት የሄዱት በእሷ ነበር። ዓለም በሚያውቀው ፎቶግራፍ ላይ ኮፈኗ ተከፍቶ ከኋላቸው ትታያለች። እዚህ ግን እንደ ማንኛውም የቤት መኪና ቆማለች፤ ይህ ነው የከበደኝ።

ግቢውን ሲጠርግ የነበረው ታዳጊ ደቀ መዝሙር ራሱን ተላጭቶ ከፊት ቁንጮ ተትቶለታል። ቁንጮ! እዚህ ድረስ መጥቼ የአገሬን ልጅ ያየሁ መሰለኝ። ፈገግ ብዬ እጅ ነሳሁት፤ እሱም መጥረጊያውን እንደያዘ እጅ ነሳኝና በሳቅ ፈረሰ።