የመገጭን ዓሦች በቤት ገንዳ ማኖር

ጎንደር አዘዞ አካባቢ ያደገ ሰው፣ ክረምቱ ወጥቶ የመገጭ ወንዝ ሲጠራ ከድንጋዮቹ ላይ ተለጥፈው የሚውሉትን ጣት የሚያካክሉ ዓሦች ያውቃቸዋል። በሳይንስ «ጋራ» የሚባሉት እነዚህ ዓሦች ከአገጫቸው ሥር ባለው ክብ መለጠፊያ ድንጋዩን ይዘው አልጌ እየፋቁ ይበላሉ። መገጭ በሚገባበት በጣና ሐይቅ የሚኖረው «ጋራ ጣና» ሳይንሳዊ ስም የወጣለት ገና በ2007 እ.ኤ.አ. መሆኑን ሳነብ፣ በደጃችን ያለውን ሳናውቅ መኖራችን አሳዘነኝ፤ ገንዳ ለመሥራት የወሰንኩትም ያኔ ነው።

መስታወት ቆራጭ ዘንድ ሄጄ ርዝመቱ 80፣ ወርዱና ከፍታው 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ እስከ አፉ ቢሞላ 128 ሊትር የሚይዝ ገንዳ በሲሊኮን አሠራሁ። በጥቅምት ከእህቴ ልጅ ጋር በአሮጌ አጎበር ዘጠኝ ዓሦች ይዘን በባልዲ አመጣንና፣ ክሎሪኑ እንዲወጣለት አንድ ቀን ክፍት ባደረ የቧንቧ ውኃ ውስጥ በዚያው ምሽት ጨመርናቸው። በአሥረኛው ቀን የቀሩት ሦስት ብቻ ነበሩ። ውኃው ለዓይን ንጹሕ ስለነበር ጥፋቱን ያገኘሁት ዘግይቼ ነው፤ ከዓሦቹ የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ውስጥ ገና አልተባዙም።

በሁለተኛው ሙከራ በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ አስገብቼ፣ ዓሣ ሳልጨምር በየቀኑ ቁንጥር መኖ እየጣልኩ ስድስት ሳምንት ጠበቅሁ። ስፖንጁን በቧንቧ ውኃ አላጥብም፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይገድላልና በየሳምንቱ ከገንዳው በምቀዳው ሩብ ያህል ውኃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አደርገዋለሁ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን አየር ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛ ገደማ ነው፤ ስለዚህም ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ ውኃችን የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ወራጅ ውኃ የለመደ ዓሣ ይህን አይችለውም። አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ቆመና ሊነጋጋ ሲል ብነሣ፣ ሁሉም ከድንጋዩ ለቀው በውኃው ፊት ላይ አፋቸውን ይከፍቱ ነበር። እስኪነጋ ውኃውን በጣሳ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ አፈሰስኩት፤ አንድም አልሞተም። አሁን በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ አለኝ። ቀዝቃዛ ውኃ ኦክስጅን የተሻለ ስለሚይዝ ማሞቂያ አላስገባሁም፣ አያስፈልግምም።

ምግባቸውን የማዘጋጀው በግቢ ነው። የወንዝ ድንጋዮችን ውኃ በያዘ ሳፋ ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀምጣለሁ፤ አረንጓዴ ሲለብሱ በየሳምንቱ ሁለቱን አስገብቼ የተራቆቱትን አወጣለሁ። አዲስ ድንጋይ ሲገባ ዓሦቹ ለጥቂት ደቂቃ ከሥሩ ይሸሸጉና ከዚያ ትልቁ ቀድሞ ይወጣል። መስታወቱ ላይ ሲለጠፍ መለጠፊያው እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ክብ ሆኖ ይታያል፤ በድንጋዩ ላይ ደግሞ አፉ ባለፈበት ሁሉ ጠባብ የነጣ መስመር ይቀራል።

ከገበያ የመጣ ቀይ ዓሣ ከእነዚህ ጋር አልቀላቅልም፤ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። አንዴ ገንዳ ውስጥ የኖረውንም ዓሣ ወደ መገጭ አልመልስም፤ ውኃውንም የማፈሰው አትክልቱ ሥር ነው።