ወለሉ ከሥር የሚያሳይ ካያክ፦ የስድስት ጉዞ ማስታወሻ

ጣና ዳር ተወልጄ አድጌ ዋና አልችልም። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ ስል ሰው ሁሉ ዓሣ አድርጎ ያየኛል። እውነቱ ግን ሐይቁን የማውቀው ከዳር ቁጭ ብዬ ነው፤ ወይ ደግሞ ገዳም ለመሳለም በሞተር ጀልባ ስንሻገር። ስለዚህ ባለፈው መጋቢት የአክስቴ ልጅ «ወለሉ መስታወት የሆነ ጀልባ ይዣለሁ፣ ቅዳሜ በጠዋት ተነሺ» ሲለኝ መጀመሪያ የጠየቅኩት «መሰረዝ ይቻላል?» ብዬ ነው።

አልተሰረዘም። ከዚያ ወዲህ ስድስት ጊዜ ሄጃለሁ። ከቅዳሜ ጉዞ ቡድናችን ሦስት አራት ሰው «ዋና ለማይችል ይሆናል ወይ? ያስፈራል ወይ?» እያለ ጠየቀኝ። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማወራ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ቦታው ሲልቨር ስፕሪንግስ ነው፤ ፍሎሪዳ፣ ኦካላ ከተማ አጠገብ። እኛ ካለንበት ከኦርላንዶ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ቢወስድ ነው። ወንዙ ከምንጩ ተነስቶ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድና ኦክላዋሃ ከሚባል ወንዝ ጋር ይገናኛል። ልብ በሉ፣ ጅረት አይደለም። ሙሉ ወንዝ ነው ከመሬት ሥር የሚወጣው። ዝናቡ አሸዋውንና የኖራ ድንጋዩን አልፎ ይሰርግና ከሥር ይጠራቀማል፣ ከዚያ እዚህ ይፈልቃል። መሬቱ ራሱ አጣርቶ ስለሚያወጣው ጭቃ የለውም። ሙቀቱም ዓመቱን ሙሉ 22 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ጀልባው ካያክ ይባላል፣ በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብና ትንሽ ጀልባ ነው። «መስታወት» የምንለው ለአፋችን ነው። ፖሊካርቦኔት የሚባል ጠንካራ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነው። ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ይቀመጥበታል። ከሌላ ካያክ ሰፋ ያለ ስለሆነ በቀላሉ አይገለበጥም። ግን ሰፊ በመሆኑ ቀርፋፋ ነው፤ ቀጥ ብሎ መሄድም አይወድም።

የመጀመሪያው ቀን

አስጎብኚያችን ወጣት ልጅ ናት። ላይፍ ጃኬቱን፣ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ሰደርያ፣ አስጠብቃ አሰረችልኝ። ሦስት ነገር ነገረችን። አትቁሙ፣ ካያኩን አሸዋ ላይ አትጎትቱ፣ እንስሳ አትንኩ። የመጀመሪያውን እንኳን ባትነግረኝም አልቆምም ነበር።

መቅዘፊያው ሁለት ጫፍ አለው። ከፊት የተቀመጠ ሰው ምቱን ይመራል፣ ከኋላ ያለው ይከተላል፣ አቅጣጫም ያስተካክላል። ይሄ በቃል ሲነገር ቀላል ነው። እኔና የአክስቴ ልጅ የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ መቅዘፊያ ስናጋጭ፣ እንደ ሰካራም ከግራ ቀኝ ስንላተም ነበር። እሱ «ቀኝ! ቀኝ!» ይላል። የማን ቀኝ እንደሆነ አይናገርም።

ከዚያ ዋናው ምንጭ ላይ ደረስን። ማሞዝ ስፕሪንግ ይሉታል፣ ጥልቀቱ ወደ 10 ሜትር ይጠጋል። እስከዚያ ድረስ ከእግሬ ሥር የነበረው ረጅም የውሃ ሣር ነው፤ እንደ ጤፍ ማሳ ወደ አንድ ጎን ተኝቶ ይወዛወዛል። ደስ ይላል። ድንገት ሣሩ አለቀ። ወለሉ ጠፋ። ከታች ሰማያዊ ጉድጓድ፣ የድንጋይ አፍ፣ ዓሣዎች እንደ ትቢያ። ጥላችንን አየሁት፣ እዚያ ታች፣ አሸዋው ላይ። ካያኩ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ጥላው ጎልቶ አይታይም። የሚታየው ሁለት ሰው ምንም ላይ ተቀምጦ መቅዘፊያ ይዞ ነው።

እዚያ ላይ ዓይኔን ጨፈንኩ። መቅዘፊያዬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሁለት እጄን ጠርዙ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። ጉልበቴ ውሃ ሆነ። የአክስቴ ልጅ «ምነው ቆምሽ?» ሲል መልስ አልሰጠሁትም። ወደ መመለሻው ላይ ደግሞ እንደምንም አንድ ዓይኔን ስገልጥ ከሥር የሰው ፊት አየሁ። «ሰው! ሰው አለ!» ብዬ ጮህኩ። ለካ ድሮ ለፊልም ሥራ ተብሎ የገባ ሐውልት ነው፣ እዚያው ቀርቷል። አስጎብኚዋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። አልፈርድባትም።

ማታ ለእናቴ ደወልኩ። ባሕር ዳር ንጋት ላይ ነው። ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ግን ያልገባት አንድ ነገር ነበር። «ጣናን ስንሻገር ጭኔ ላይ እንቅልፍ ይወስድሽ አልነበር? ወይስ ጣና ጥልቅ አይደለም?»

ስልኩን ዘግቼ ፈለግኩ። የጣና አማካይ ጥልቀት 8 ወይም 9 ሜትር ነው፣ በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታ 14 ሜትር። ማለትም ልጅነቴን ሙሉ ተኝቼ ያለፍኩት ጥልቀት ይኸው የዛሬው ነው። እዚያ ውሃው ደፍርሶ ሸፍኖልኝ ነበር፣ በቃ። እኔን ያስፈራኝ ጥልቀቱ ሳይሆን መታየቱ ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ተመልሼ ካልሄድኩ አልኩ።

ሁለተኛና ሦስተኛ

በሁለተኛው ለአስጎብኚዋ ፍርሃቴን በግልጽ ነገርኳት። ይህን ምክር ለሁላችሁም እሰጣለሁ፤ አትፈሩ፣ ንገሯቸው። እሷም ዘዴ ሰጠችኝ። ወደ ጉድጓዱ በቀጥታ አትግቢ አለችኝ። ከዳር ሣሩ ካለበት ጀምሪ፣ ወለሉ ቀስ እያለ ይውረድ፣ ዓይንሽ አብሮ ይውረድ። የሚያዞር ከሆነ ዛፎቹን እይና ተመለሽ። ሦስት ጊዜ ገባሁ፣ ሦስት ጊዜ ወጣሁ። በሦስተኛው አሥር ያህል ትንፋሽ ቆየሁ።

የቀዘፋ ትምህርቱም እዚህ ላይ ነው የጀመረው። በክንድ ብቻ መቅዘፍ ትከሻ ይገድላል። ወገብን እያዞሩ ነው የሚቀዘፈው፣ ክንድ ይከተላል። በኃይል መምታት ደግሞ በዚህ ካያክ ላይ ዕዳ ነው። ከመቅዘፊያው የሚንጠባጠበው ውሃ ወለሉ ላይ ይወርዳል፣ ወለሉ ላይ ውሃ ካለ ከሥር ያለው ሁሉ ይንሻፈፋል። እኔ ትንሽ ፎጣ ይዤ እሄዳለሁ። የፀሐይ መነጽርም ፖላራይዝድ የሆነውን ያዙ። ያለዚያ በጎን ስታዩ የውሃው ነጸብራቅ ብቻ ነው የሚታያችሁ።

በሦስተኛው ጉዞ ወንዙን አንድ ማይል ያህል ወረድን። ዳሩ ላይ አስጎብኚዋ ካያኮቹን አስቆመችና ወደ ዛፎቹ ጠቆመችን። ምንም የለም፣ ጫካ ነው። ፓራዳይዝ ፓርክ የሚባለው እዚህ ነበር አለች። ከ1949 እስከ 1969 (በፈረንጆቹ) ድረስ ጥቁሮች የሚዝናኑበት ቦታ። ዋናው ምንጭ ጋ ያለው መናፈሻ ለነጮች ብቻ ነበራ። የሚገርመው ደግሞ እዚያ ዋናው ምንጭ ላይ ወለላቸው መስታወት የሆኑትን ጀልባዎች ከሚነዱት ብዙዎቹ ጥቁሮች ነበሩ። እነዚህ ጀልባዎች በ1870ዎቹ የተጀመሩ ናቸው፣ ዛሬም ይሠራሉ። ምንጩን ከማንም በላይ የሚያውቁት ሰዎች ቅዳሜ ልጆቻቸውን ይዘው ሲመጡ እዚያው በራቸውን አልፈው እዚህ ታች ነበር የሚወርዱት። የአክስቴ ልጅ ኮፍያውን አወለቀ። ለጥቂት ጊዜ ማናችንም አልቀዘፍንም፣ ወንዙ ራሱ ወሰደን።

ሲመለሱ ወደ ላይ ነው የሚቀዘፈው፣ ይህን አትርሱ። ስትወርዱ ወንዙ ይሸከማችኋል፣ ጎበዝ የሆናችሁ ይመስላችኋል። ስትመለሱ ሒሳቡ ይመጣል። ዘዴው መሀሉን ትቶ ዳር ዳሩን መያዝ ነው፣ እዚያ ውሃው ይደክማል። ችግሩ ዳር ላይ አዞ ፀሐይ ይሞቃል። አሊጌተር ነው የሚሉት እነሱ፣ ለእኔ አዞ አዞ ነው። ጣና ጉማሬ እንጂ አዞ የለውምና አልለመድኩትም። አስጎብኚዋ ግንድ ላይ የተኛ ካያችሁ ቦታ ልቀቁለት፣ ምግብ አትስጡ፣ ይኸው ነው ትላለች። እስካሁን አንዱም ዞር ብሎ አላየንም።

አንድ ነገር ለጨዋታ። ከሥራችን አፈ ረጅም ቀጭን ዓሣ እንደ እርሳስ ቀጥ ብሎ አለፈ። አስጎብኚዋ «ጋር» አለች። እኔ «ከማን ጋር?» አልኳት በአማርኛ፣ ሳላስበው። የዓሣው ስም ነው ለካ።

አራተኛው፣ ያልተሳካው

ሐምሌ ላይ ሄድን። አትሂዱ። አየሩ በላብ የተነከረ ፎጣ ነው፣ ውሃው ደግሞ ያው 22 ዲግሪ። ሞቃቱ እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን ወለል ሲነካ በውስጥ በኩል ጤዛ ይሠራል። እየጠረግን እየጠረግን ምንም አላየንም። ፎጣዬ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ከሰዓት ደግሞ መብረቅ አንጎራጎረ፣ ሁላችንንም መለሱን። ሐምሌ ላይ የግድ ከሆነ የጠዋቱን ሰዓት ያዙ።

ያን ቀን ያየነው ጥሩ ነገር ጦጣዎቹን ነው። ሪሰስ ማካክ ይባላሉ፣ አገራቸው እስያ ነው። በ1930ዎቹ አንድ የጀልባ አስጎብኚ ቱሪስት ይስባሉ ብሎ ወንዙ ውስጥ ያለች ደሴት ላይ ለቀቃቸው። ውሃ አይሻገሩም ብሎ ነው። ጦጣዎቹ ግን ዋናተኞች ነበሩ። እኔን በለጡኝ ማለት ነው። ዛሬ ጫካውን ሞልተውታል። ቆንጆ ናቸው፣ ግን በሽታ የሚያስተላልፉም አሉ፣ ማብላትም በፍሎሪዳ ከ2018 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ክልክል ነው። ሙዝ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፤ አውቃችኋለሁ።

አምስተኛው

ኅዳር። ከሁሉም የወደድኩት ይሄ ነው፣ ምንም ስላልሆነ። ቦታችንን ተለዋወጥን፤ እኔ ኋላ ተቀምጬ መራሁ። አጠር አጠር ያለ ምት፣ ከመዞሩ በፊት ማስተካከል፣ ካያኩ ከዞረ በኋላማ ማን ይመልሰዋል። ቀጥ ብለን ሄድን። ማሞዝ ላይ ስንደርስ መቅዘፊያዬን አስቀመጥኩና ወደ ታች አየሁ። እጄን ጠርዙ ላይ አላደረግኩም። ውሃው ከድንጋዩ አፍ ሲወጣ የዛጎል ስብርባሪውን ያስጨፍረዋል፤ ልክ ሽሮ ሲንተከተክ። አንሂንጋ የሚባል ጥቁር፣ አንገተ ረጅም ወፍ ከሥራችን እየዋኘ አለፈ። ወፍ ከእግሬ በታች ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ደስ ያላለኝንም ልንገራችሁ። ሣሩ ላይ ቡናማ ሱፍ የመሰለ አልጌ ለብሶበታል። ከእርሻና ከግቢ ሣር ማዳበሪያ፣ ከቤቶች ፍሳሽ ጉድጓድ የሚመጣው፣ አልጌውን የሚያፋፋው ናይትሬት በዚያው በኖራ ድንጋዩ ሰርጎ ምንጩ ጋ ይደርሳል። መሬቱ ጭቃውን ያጣራል፣ ይሄን ግን አያጣራም። ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም አለችኝ አስጎብኚዋ። ከዚያ ወዲህ ሣሩን ሳይ መጀመሪያ የማየው እሱን ሆኗል።

ስድስተኛው

እናቴ ለጥምቀት እዚህ ነበረች። በሳምንቱ ይዣት ሄድኩ። ዕድሜዋን አልናገርም፣ ትቆጣኛለች። ነጠላዋን አላወልቅም ስላለች ላይፍ ጃኬቱ በላዩ ላይ ታሰረ። እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ። መቅዘፊያ አልሰጠኋትም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ጠዋት ነው፣ ብርድ ነው። ውሃው ከአየሩ ይሞቃልና እንፋሎት ከወንዙ ላይ ይነሳል። እናቴ ዝም አለች። ወለሉ ቀስ እያለ ወረደ። ሣሩ አለቀ። እኔ ጀርባዋን ነው የማየው፤ አሁን ትጮሃለች ብዬ።

አማተበች። «ጠበል ነው እኮ ይሄ» አለች። «ማን አስባረከው?»

«እማዬ፣ መናፈሻ ነው። መዋኘትም ክልክል ነው።»

«ማን ዋኛለሁ አለሽ?» ጣቷን ነክራ ግንባሯን ነካች። ከዚያ ደግሞ ዞር ሳትል፣ «ይሄ ነው ያስፈራሽ?» አለችኝ።

መልስ ሳልሰጣት አስጎብኚዋ እጇን አነሳች። ሁላችንም መቅዘፊያችንን አወጣን። ግራጫ፣ ሦስት ሜትር የሚሆን ነገር ከሣሩ ውስጥ ተነስቶ በቀጥታ ወደ እኛ መጣ። ማናቲ ነው፣ ከጎኑ ትንሽ ልጅ አለ። በብርዱ ወራት ሞቅ ያለ ውሃ ፍለጋ ነው የሚገቡት፤ ከ20 ዲግሪ በታች ያለ ውሃ ይጎዳቸዋል። መንካት፣ መከተል፣ ማብላት ሁሉም በሕግ የተከለከለ ነው። የእኛ ሥራ ባለንበት ዝም ማለት ነው። ከወለሉ ሥር አለፈች፣ ቀስ ብላ፣ የጀርባዋ ጠባሳ ሳይቀር እየታየ። አፍንጫዋን አወጣችና «ፉፍ» አለች። ልጁም ተከተለ።

«ምንድን ናት?»

«የባሕር ላም ይሏታል፣ እማዬ። ሣር ነው የምትበላው።»

እናቴ ትንሽ አሰበች። «ታዲያ ወተት አላት?»

ለአስጎብኚዋ ተረጎምኩላት። ልጅቷ ከልቧ ደስ አላት፣ ይህን የጠየቀ ሰው ብዙም አልገጠማትም መሰለኝ። አዎ አላት አለች፤ ጡቷ ብብቷ ሥር ነው፣ ልጇም ከጎኗ እየዋኘ ይጠባል።

ለእናቴ ነገርኳት። ወደ ታች ጎንበስ ብላ፣ ፊቷ ወለሉን ሊነካ እስኪደርስ፣ ብብቷን ፈለገች።